ሳያነብ የፈረመው መሐንዲስ፤ የፖል አይስለር የሕይወት ታሪክ

ባለፉት ሳምንታት ከዚህ ጋዜጣ አጠገብ በሚስማር የተንጠለጠለችውን፣ ስምንት ትናንሽ ቀይ መብራቶች ያሏትን ቡናማ ቦርድ ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዳንዶቻችሁ ምንነቷን ጠይቃችሁናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ አራት ሠልጣኞች ወር ሙሉ ደክመው የሠሩት ይህችን ነው እንዴ ብላችሁ ስቃችሁብናል። ለሁላችሁም መልስ አለን። መልሱን ግን ከራሳችን አንጀምርም። እንዲህ ያለው ቦርድ ወደ ዓለም እንዲመጣ ብዙ ከደከመው፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታተመ ሰርኪት አባት እየተባለ ከሚጠራው ከፖል አይስለር እንጀምራለን። የእርሱን ታሪክ ባናነብ ኖሮ ይህች ቦርድ ዛሬ እዚህ አትንጠለጠልም ነበር። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖል አይስለር በ1907 የኦስትሪያ ዋና ከተማ በሆነችው በቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ይህ ዓመት በእኛ አገር ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙበት ዓመት ነው። አይስለር በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተምሮ በ1930 ተመረቀ። ዕድሜው ሃያ ሦስት ነበር፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም ማለት ነው።

ተመርቆ ሲወጣ ግን የሥራ በር ተዘግቶ ጠበቀው። በዚያን ጊዜ በቪየና በአይሁዶች ላይ የነበረው ጥላቻ እያየለ ስለ ሄደ ለአንድ አይሁዳዊ ወጣት መሐንዲስ ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ወደ ቤልግሬድ ሄዶ በባቡር ውስጥ ተሳፋሪዎች ሬዲዮ የሚሰሙበትን መንገድ የማዘጋጀት ሥራ ያዘ። ይህም አልዘለቀም። የዚያ አገር ሰዎች ለዕቃው ዋጋ በገንዘብ ፋንታ እህል እንክፈል አሉ። ኩባንያው ደግሞ እህል ምን ያደርግለታል? ሥራው ተቋረጠ፤ አይስለርም ወደ ቪየና ተመለሰ።

ነገሩ ዕድለ ቢስነት ይመስላል። ነገር ግን የሕይወቱ ትልቅ ትምህርት የመጣው ከዚህ በኋላ ባገኘው ሥራ ነው። ይህም ሥራ በአንድ ማተሚያ ድርጅት ውስጥ በሬዲዮ መጽሔት ዝግጅት መሥራት ነበር። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ የሕትመትን ሙያ ከሥር ከመሠረቱ አየ። ለምሳሌ የጋዜጣ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚታተም ተመለከተ። የድሮ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ክሊሼ የሚሉት ነገር አለ። ክሊሼ ማለት ሥዕሉ ያረፈበት የብረት ዝርግ ነው። በብረቱ ላይ መቅረት ያለበት ቦታ አሲድ በማይበላው ነገር ይሸፈናል። ከዚያም ዝርጉ አሲድ ውስጥ ይነከራል። ያልተሸፈነው ይበላል፤ የተሸፈነው ይቀራል። በአገራችንም እንደ ብርሃንና ሰላም ያሉ ማተሚያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ሥዕል ሲያትሙ የኖሩት በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

በ1934 በኦስትሪያ የእርስ በርስ ውጊያ ተነሣ። ይሠራበት የነበረው የሶሻል ዴሞክራቶች ማተሚያ ድርጅትም ተዘጋ። አይስለር እንደገና ሥራ አጣ። ባለው ጊዜ ሐሳቦቹን እየጻፈ የፈጠራ መብት ማስመዝገብ ጀመረ። እነዚህ የተመዘገቡ ሐሳቦች መውጫ መንገድ ሆኑለት። በ1936 እነርሱን ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። በዚያው ዓመት ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከፋሺስት ወረራ የተነሣ በስደት እንግሊዝ ገብተው ነበር። ንጉሡም ተራው ሰውም አገር የለቀቁበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

አይስለር በለንደን ሐምፕስቴድ በሚባለው ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ኑሮውን ጀመረ። ቋሚ ሥራ የለውም፤ ላቦራቶሪ የለውም። ያለው ሁለት ሙያ ብቻ ነው፤ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ አንዱ ሕትመት። ሁለቱን አንድ ላይ ያገናኘው በዚያች ክፍል ነው።

በዚያን ጊዜ ሬዲዮ እንዴት ይሠራ እንደነበር ካላወቅን የሥራውን ትልቅነት አንረዳውም። እዚህ ሶዶ ከተማ ወደ አንዱ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄዳችሁ የጥንት ባለ አምፖል ሬዲዮ ሆድ ቢከፈትላችሁ፣ በውስጡ የሽቦ ጫካ ታያላችሁ። እያንዳንዱን ሽቦ አንድ ሠራተኛ በእጁ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ከቦታው አድርሶ በይዶታል። አንዱ ከተሳሳተ ሬዲዮው ዝም ይላል። የትኛው እንደ ሆነ መፈለግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት ሬዲዮዎች እንኳ ውስጣቸው ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም ነበር።

አይስለር ሽቦውን ለምን አናትመውም አለ። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ዝርግ ላይ ስስ የመዳብ ንጣፍ ለጠፈ። የሽቦዎቹን መንገድ በማይበላ ቀለም በመዳቡ ላይ አሳረፈ። የቀረውን መዳብ በኬሚካል አስበላው። የቀረለት ከዝርጉ ጋር የተጣበቀ፣ የማይወዛወዝ፣ ሺህ ጊዜ ቢደገም ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት የሚሆን የመዳብ መንገድ ነው። በዚህም ዘዴ ሬዲዮ ሠራ፤ ሬዲዮውም ተናገረ። ስለዚህ ዛሬ በየፋብሪካው የሚመረተው ነገር መነሻው የቤት ውስጥ ሥራ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከእርሱ በፊት ፈጽሞ አልነበረም አንልም። በ1903 አልበርት ሐንሰን የተባለ ጀርመናዊ፣ በ1925 ደግሞ ቻርልስ ዱካስ የተባለ አሜሪካዊ ወደዚህ የሚጠጉ ሐሳቦችን አስመዝግበዋል። የአይስለር ድርሻ ሐሳቡን ከማተሚያ ቤት ጥበብ ጋር አዋህዶ የሚናገር ሬዲዮ ድረስ ማድረሱና እስከ መጨረሻው መከራከሩ ነው።

አይስለር ሬዲዮውን ይዞ ፕሌሲ ወደሚባል ትልቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ኩባንያ ሄደ። ኩባንያው አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ሽቦ የሚበይዱት ሴት ልጆች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም አነስተኛ ነበር። ርካሽ እጅ እያለ አዲስ ዘዴ ምን ያደርጋል ተባለ። ሴቶቹም በርካሽ ዋጋ መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ፈጣሪውም ባዶ እጁን ወደ ኪራይ ክፍሉ ተመለሰ። ለጥቂት ጊዜ ኦዲዮን ከሚባለው የሲኒማ ቤቶች ድርጅት ጋር እየሠራ ኑሮውን ደገፈ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኦስትሪያ በ1938 ወደ ጀርመን ተጠቃልላ ስለ ነበር፣ ናዚን ሸሽቶ የመጣው ይህ ሰው በእንግሊዝ የጠላት አገር ዜጋ ተብሎ ታሠረ። ከሞት የሸሸ ሰው በመጠጊያው አገር መታሠሩን ስናነብ በጣም ነው ያዘንነው። በ1941 ከተፈታ በኋላ ሔንደርሰን ኤንድ ስፖልዲንግ ከሚባል የለንደን ማተሚያ ድርጅት ሥራ አገኘ። መጀመሪያ የሰጡት ሥራ የሙዚቃ ኖታ የሚጽፍ የጽሕፈት መኪና ማዘጋጀት ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሰርኪቱን ሐሳብ አሳያቸው፤ ድርጅቱም በቴክኖግራፍ ኩባንያው በኩል ገንዘብ ሊያወጣበት ተስማማ።

የታሪኩ ዋና ቦታ እዚህ ላይ ነው። የውል ወረቀት ቀረበለት። አይስለር ሳያነብ ፈረመ። ወረቀቱ በቅጥር ላይ እያለ የሚያገኛቸውን የፈጠራ መብቶች በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ለስም ብቻ በሚከፈል ዋጋ፣ ለድርጅቱ የሚያስተላልፍ ነበር። ከቴክኖግራፍ 16.5 በመቶ ድርሻ ቢሰጠውም የሥራው አዛዥ መሆኑ ቀረ። ለዓመታት በረሃብና በስደት ተሸክሞት የመጣው ሐሳብ በአንድ ፊርማ የሌላ ሰው ሆነ። አላዋቂ ነበር እንዳንል ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ነው፤ የፈጠራ መብት ምን እንደ ሆነም ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ከእስር የወጣ፣ ሥራ የናፈቀው ሰው ነበር። ችግር የዓይንን ብርሃን ይጋርዳል።

በ1943 የፈጠራው ማመልከቻ ገባ። በእንግሊዝ ወዲያው ፈላጊ አላገኘም። በአሜሪካ ግን የታተሙ ሰርኪቶች በጦርነቱ ጊዜ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ዒላማው አጠገብ ሲደርስ በራሱ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ነበር። በጥይቱ አፍንጫ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አለች። ሬዲዮዋ ከመድፍ አፍ ስትወረወር የሚደርስባትን ግፊት መቻል ነበረባት። በ1944 ጀርመን ለንደን ላይ ያለ አብራሪ የሚበሩ ቦምቦችን ስትለቅ ከመከላከያዎቹ አንዱ ይህ ጥይት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው ወደ ሬዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ፋብሪካዎች ገባ። ቀጥሎም ወደ ኮምፒውተር፣ በመጨረሻም በየኪሳችን ወዳለው ስልክ ደረሰ።

የእንግሊዝ መንግሥት የአይስለርን መብት በ1950 በሦስት ከፍሎ አጸደቀ። ይሁንና የፈቃድ ክፍያ የሚከፍሉት ኩባንያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ቴክኖግራፍም ገንዘብ አጠረው። አይስለር በ1957 ከኩባንያው ለቀቀ። በ1963 ቴክኖግራፍ ቤንዲክስ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ያቀረበው ክስ ውድቅ ሆነ። ያ ሁሉ ፋብሪካ በታተመ ሰርኪት ሲበለጽግ የሐሳቡ ባለቤት ሀብታም አልሆነም።

ሥራ ግን አላቆመም። ከስስ ብረት ንጣፍ የሚሞቅ የግድግዳ ወረቀት፣ የመኪና የኋላ መስታወት ጉም ማጥፊያ፣ ምግብ ማሞቂያና ሌላም ሌላም ሠራ። በ1989 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። በ1992 የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የብር ሜዳይ ሸለመው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በሰማንያ አምስት ዓመቱ ለንደን ውስጥ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ቦርዳችን እንመለስ። በተቋማችን ዕቃ ቤት አቧራ የጠጣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ከኋላው ዛሬ በአዲሶቹ ላይ የማይገኝ፣ ሃያ አምስት ቀዳዳ ያለው የማተሚያ መሰኪያ አለው። ከእነዚህ ስምንቱ መረጃ የሚያወጡ ናቸው። ስምንት መብራት ብናያይዝባቸው ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ኮምፒውተር እንደሚቆጥረው በመብራት ማሳየት ይቻላል። ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማይገባው ነገር በዓይኑ ሲያየው ይገባዋል ብለን ተነሣን። በውጭ አገርም የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ኮምፒውተሮች ለማደስ ቦርድ በቤታቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ።

መዳብ የተለጠፈበትን ዝርግ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣን። መዳቡ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር 35 ሺኛ ብቻ ነው። መንገዶቹን በጥፍር ቀለም ሣልናቸው። ማስበያውን ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በአቼቶና በጨው አዘጋጀን። በደጅ፣ ጓንት አድርገን፣ ዓይናችንን ሸፍነን ነው የሠራነው። ፈሳሹ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ። መዳብ የሟሟበት ውኃ ተክል ይጎዳል። ስለዚህ ከግቢው እንሰት ሥር አላፈሰስነውም፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከድነን፣ ምልክት ጽፈንበት አስቀመጥነው።

ከሁሉም የከበደን ቀዳዳው ነው። አርባ አንድ ቀዳዳ በእጅ በሚዞር ትራፓኖ፣ በአንድ ሚሊሜትር ፑንታ በሳን። ሦስት ፑንታ ሰበርን። ትራፓኖው ትንሽ ከተንጋደደ ፑንታው ቀጭ ይላል። ከሦስተኛው በኋላ ተማርን። መጀመሪያ በሚስማር ጫፍ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት መምታት፣ ከሥር ጣውላ ማድረግ፣ ትራፓኖውን ቀጥ አድርጎ ሳይጫኑ ማዞር። የእኛ ቦርድ ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራው ቡናማው ዓይነት ስለ ነበር ቀለል ይላል። የብርጭቆ ጭረት ያለበት ጠንካራው ዓይነት ፑንታ ቶሎ ያደንዛል፤ ብናኙም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍንጫ ሳይሸፈን አይበሳም።

በይደን ጨርሰን በቤዚክ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጽፈን አንድን ቁጥር ላክን። በስተቀኝ ዳር መብራት ያለበት በስተግራ ዳር በራ! 1 ያልነው 128 ሆኖ ተነበበ፤ 2 ያልነው 64። ምን ነካው ብለን ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ሥዕሉን የሣልነው ከመብራቶቹ በኩል እያየን ነው፤ መዳቡ ግን በጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር በመስታወት እንደሚታይ ተገለበጠ። የማተሚያ ቤት ሰው ፊደልን ገልብጦ የሚቀርጸው ለምን እንደ ሆነ ያን ቀን ገባን። ስምንቱን ሽቦዎች በተቃራኒ ቅደም ተከተል ስንበይዳቸው ቁጥሩ ተስተካከለ።

መጀመሪያ ላይ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን ያልነው ነገር ይኸው ነው። ቦርዷን ያየ አንድ የትምህርት መርጃ ዕቃ ነጋዴ ለሥዕሏ አራት ሺህ ብር ልስጣችሁ አለን። ለሠልጣኝ አራት ሺህ ብር ቀላል አይደለም። ከመካከላችን አንዱ የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልከፈለም ነበር። ነጋዴው ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠንና ቶሎ ፈርሙ አለ። እኛም ልንፈርም ነበር። የአይስለርን ታሪክ ያነበብነው ግን በዚያው ሳምንት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ወስደን ሌሊት አራታችንም እየተቀባበልን አነበብነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ሥዕሏን ለማንም እንዳናሳይ፣ ተመሳሳይ ቦርድም ሠርተን እንዳናስተምርበት የሚል ቃል አገኘን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት የራሳችንን ሥራ ለራሳችን ተማሪዎች ማሳየት አንችልም ማለት ነው። ሦስታችን አንፈርምም አልን። አራተኛው፣ ኪራይ ያለበት ጓደኛችን፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ለነጋዴው እንድንመልስ ሰጠን። ኪራዩን አዋጥተን ግማሹን ከፈልንለት፤ ግማሹ ገና ነው። ይህን የምንጽፈው ለመመስገን አይደለም። የሰውን ችግር በጽሑፍ ብቻ መፍታት እንደማይቻል ስለምናውቅ ነው።

አይስለር ሥራችሁን በነጻ ስጡ የሚል ሰው አልነበረም፤ ሠሪ ዋጋውን ማግኘት አለበት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተሟግቷል። እኛም ለሥራችን ዋጋ ቢከፈለን አንጠላም። ከእርሱ ሕይወት የወሰድነው ሌላ ነው። አስተማሪ የሚሆን ሰው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስቀር አንብቦ፣ አውቆ ይፈርም። ማስተማርን የሚከለክል ውል ደግሞ ለአስተማሪ አይሆንም።

የቦርዷ ሥዕል በትክክለኛ መጠኗ ከዚህ ጽሑፍ በታች ተለጥፋለች፤ ያን ጊዜ የተገለበጠችው ሳትሆን የተስተካከለችዋ ናት። የፈለገ ሁሉ በስስ ወረቀት ይገልብጣት። ፑንታ ግን ከአንድ በላይ ይዛችሁ ጀምሩ።